የቆሼ ሚጥሚጣ

ረቡዕ፣ መስከረም 9

ዋሸሁ። ለእማ፣ «ቡታጅራ ያለው ሚጥሚጣ ዘንድሮ አያቃጥልም፣ የቆሼው ይሻላል» አልኳት። «ለአንዲት ጣሳ ሚጥሚጣ ቆሼ ድረስ?» ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አዲሱን ሰማያዊ ሻሼን አስሬ ነበር። እትዬ ዘምዘምን ደግሞ እናቴ ልካኝ ነው አልኳቸው። የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የሳቸው ነው፤ የመስቀል ቀሚስ በተቆለለበት ሳምንት ግማሽ ቀን ስለሰጡኝ አላህ ይስጣቸው።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። የበርበሬዋ ከተማ ቆሼ ድረስ የሄድኩት ተመስገን እዚያ አጎቱ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ነው።

ተመስገን ወንድሜ ዳዊት የሞተበትን ባጃጅ ይነዳ የነበረው ልጅ ነው። የዳዊት የልብ ጓደኛ። የኔ ደግሞ፣ ምን ብዬ ልጻፈው፣ የኔም ነበር። ማንም አያውቅም እንጂ። ካቻምና ጥር ድልድዩ ጋ ተገለበጡ። ዳዊት እዚያው አረፈ፣ ተመስገን ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ታስሮ ቆይቶ ሰኔ ላይ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ፣ እርቅ እስኪወርድ ቡታጅራን እንዳትረግጥ ብለው ወደ ቆሼ ላኩት።

ደንቡን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሳንታረቅ የነሱ ቤትና የኛ ቤት ከአንድ ድስት አይቀምስም፣ ከአንድ እንስራ አይጠጣም። በእጁ ያለፈ እህል ለኛ ነውር ነው። በሽታ ያመጣል ይባላል። እማ ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መልሳቸው በሦስተኛው ነው እሺ ያለችው። እርቁ እሁድ ነው። አራት ቀን! አራት ቀን መጠበቅ አቃተኝ።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆምኩና ማስነጠስ ጀመርኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባት ጊዜ። ሃያ ወር ሙሉ ባገኘው የምለውን ሳዘጋጅ ኖሬ ያልኩት ነገር ቢኖር «አጢሽ» ብቻ ነው። «ይማርሽ» አለ ከውስጥ፣ ማን እንደሆነች ሳያይ። ከዚያ አየኝ። ከስቷል። ቅንድቡ ሳይቀር በበርበሬ ቀልቷል።

«ብርዚ? አበድሽ እንዴ? ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ሚጥሚጣ ላስፈጭ።»

እምቢ ማለት ነበረበት። እኔም ከገበያ የገዛሁትን መስጠት አልነበረብኝም። ፈጨልኝ። በፌስታል ቋጥሮ ሲሰጠኝ፣ «ከእሁድ በፊት ማንም እንዳይቀምሰው» አለ። እሺ አልኩ። ልወጣ ስል ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስለ ስልኩ ለማንም አልተናገርኩም። አንቺም እንዳታነሺው፣ እሁድ በሰላም ይለፍ» አለኝ።

ስለ ስልኩ ዛሬ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ መስከረም 10

ጉዴ ፈላ!

ፌስታሉን ከአልጋዬ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበት ከረጢት ውስጥ ቀብሬው ነበር። ለምሳ ስመጣ እማ ዓይብና ጎመኗን ይዛ ቁጭ ብላለች። ዓይቡ ላይ ቀይ ነገር ተነስንሷል።

«የቆሼው ነው አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«ያቃጥላል።» ደግማ ጎረሰች። ሦስት ጊዜ። ቆጥሬአለሁ። እኔን ነይ ብዪ ስትለኝ ሆዴን አመመኝ አልኳት፣ ደግሞ ውሸት አልነበረም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ፦ እማ ብትታመምስ። ብነግራት እርቁ ይፈርሳል፤ እማን ለአራተኛ ጊዜ የሚለምን ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ባልነግራትስ? እርቁ በውሸት ላይ ይቀመጣል። ተመስገን እሁድ ካልሆነ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልመለስም ብሏል ይባላል።

ከሰዓት ሁለት ጊዜ ሳለች። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጉንፋን ነው አለችኝ። ጉንፋን ይሁን አምላኬ።

ዓርብ፣ መስከረም 11

«አንቺ ልጅ፣ እጅጌውን አንገት ላይ ሰፍተሽው!» አሉ እትዬ ዘምዘም። እውነትም ሰፍቼዋለሁ። የደንበኛ ቀሚስ ነው። ስፈታው ዋልኩ። ቁጭ ብለው እስኪያወጣጡኝ ድረስ አለቀቁኝም፣ የሚጥሚጣውን ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ መቀሱን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ የበላችው ሚጥሚጣ ነው፣ መርዝ አይደለም። ግን ስሚኝ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አባባ ሸምሱ የተደበቀ ነገር አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እያወቀ ዝም ብሎ የሚበላው ሰው ነው የሚያስፈራው።»

አባባ ሸምሱ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው፤ የመስቃን ገበሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚታረቀው በሳቸው ነው። ዓይን ለዓይን አይቶ የዋሻቸው ሰው አላውቅም።

የተደበቀ ነገር አለ ወይ። አለ እንጂ! ሚጥሚጣውማ ትንሹ ነው።

ይኸው ልጻፈው። ባጃጁ የተገለበጠ ቀን እማ እድር ሄዳ ነበር። እኔ ለተመስገን ደወልኩ። «እማ ሳትመለስ ቶሎ ና። ቶሎ! በአምስት ደቂቃ ካልደረስክ አላናግርህም» አልኩት። እየሳቅሁ ነው ያልኩት። እሱም እየሳቀ መጣ። ዳዊት መንገድ ላይ አግኝቶት ነው የተሳፈረው፣ ተመስገን ለምን እንደሚቸኩል እንኳን አያውቅም ነበር። ፖሊስ ለምን ፈጠንክ ሲለው፣ ዳኛ ሲለው፣ ተመስገን «ዝም ብዬ ነው» አለ። አንድ ጊዜም ስሜን አልጠራም። እኔ በለቅሶው ፊቴን ቧጨርኩ፣ ሰው ሁሉ «አይዞሽ» አለኝ፣ ተቀበልኩ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 12

ቤት ስናጸዳ ዋልን። አምና መስቀል እቤታችን ቢላ አልተሳለም፤ ዘንድሮ እማ ቢላዎቹን አውጥታ ደረደረቻቸው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ የበሬ ቅርጫ የሚገባልን ዳዊት ነበር። ፎቶውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና፣ «ልጁ ከስቷል አሉ» አለች።

አዎ ልል ነበር። ምላሴን ነከስኩት።

«ማን?» አልኩ።

«ማን ይሆናል?» ብላ ወደ ቅቤው ዞረች። አልሳለችም። አንድም ጊዜ።

እሁድ፣ መስከረም 13

ጽሑፌ ቢበላሽም ዛሬውኑ ልጻፍ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ገቡ። ምግቡ ሥጋ የለበትም፣ ለሁሉም እንዲሆን፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ ዓይብ። ተመስገን እንደ እርቁ ደንብ ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከአባቱ ጋር ደጃፍ ቆመ። እማ አላየችውም፤ ምንጣፉን ነው የምታየው።

አባባ ሸምሱ፣ «ልጄ፣ ለምን እንደዚያ ፈጠንክ?» አሉት።

«የልጅነት ነገር ነው አባባ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ሁላችንም ዞረው፣ «ማዕድ ሳይቀርብ፣ ከሁለቱ ወገን የተደበቀ ነገር ያለው አለ?» አሉ።

«አለ» ያለው የኔ ድምፅ ነው። ተነሥቼ ቆሜአለሁ። የሚጥሚጣውን ተናገርኩ፤ ቆሼ መሄዴን፣ በሱ እጅ መፈጨቱን፣ እማ መብላቷን። የተመስገን አባት ጭንቅላታቸውን ያዙ። አንዱ ሽማግሌ «እሰይ! አለቀልን» አሉ በምሬት።

እማ ግን ቀና አለች። «ይሄንንማ አውቃለሁ። ሚጥሚጣ ለመግዛት አዲስ ሻሽ ታስሮ የሚኬደው የት አገር ነው? ልጁ እዚያ ወፍጮ ቤት እንደሚሠራ እናንተው ነግራችሁኛል። ከረጢቷ ውስጥ ሳገኘው ገባኝ። ጉሮሮዬ ይዘጋ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የቀመስኩት። እሁድ በሰው ፊት ከሚዘጋ ብዬ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አልተዘጋም። ወረደ።»

አባባ ሸምሱ ጢማቸውን እየነካኩ ሳቁ። «በይ ተቀመጪ ልጄ፣ ጨረስሽ» አሉኝ። መቀመጥ እችል ነበር። ሁሉም ነገር አምሮ ነበር። ተመስገን ከድንጋዩ ሥር ሆኖ በዓይኑ ለመነኝ።

«አልጨረስኩም» አልኩ። ስልኩን ተናገርኩ። ቶሎ ና ማለቴን፣ አምስት ደቂቃ ማለቴን፣ መሳቄን።

«ውሸቷን ነው አባባ!» ብሎ ጮኸ ተመስገን። ማንም አላመነውም።

እማ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ተመልሳ ስትወጣ ሳህን ይዛለች። ደጃፍ ሄዳ ድንጋዩን በገዛ እጇ ከትከሻው አወረደችው፣ አስገባችው፣ አጎረሰችው። አንድ ጉርሻ ያጣላልና ደገመችለት። ልጁ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሽማግሌዎቹን አበላች፣ አባቱን አበላች። ሳህኑ በኔ ፊት ሁለት ጊዜ አለፈ። አንዴም አልቆመም።

እሱን ማረችው፣ እኔን አይደለም።

ሰኞ፣ መስከረም 14

«ውሃውን አምጪ።» «በሩን ዝጊ።» ዛሬ እማ ከአፏ ያወጣችልኝ ይሄው ነው። ጎረቤታችን ለቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ስትጠራት፣ ለወትሮው ምክንያት የማታጣው እማ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ከኔ ጋር ከመቀመጥ ስብሰባ ይሻላል ማለት ነው።

ተመስገን ሜሴጅ ላከ። «ለምን ተናገርሽ?» «ደከመኝ» ብዬ መለስኩ። ሌላ ነገር ልጽፍ ስል ኔትወርክ ጠፋ። አለቀስኩም፣ ደግሞ ቀለለኝም። በሁለቱም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ መስከረም 16

ተመስገን ደመራው ጋ መጣ። በሃያ ወሩ ቡታጅራ መሐል በነፃነት ቆመ። ሰው እየሳመው፣ እሱ ግን ዓይኑ እኔን ሲፈልግ አየሁት። መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ በመካከላችን ሌላ ሁለት ሰው የሚያስቆም ቦታ ትቶ።

«ከእንግዲህ ባጃጅ አልነዳም» አለ።

«በእግራችን እንሄዳለና» አልኩት። አፌ አመለጠኝ! ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ፣ ግን ሲስቅ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባውስ ስለው፣ «እናትሽ ካንቺ ጋር ሳትታረቅ የትም አልሄድም፣ የመጣውም ባንድ ላይ ይምጣብን» አለ። እወደዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። ግን እማ ሳታናግረኝ እንዴት አድርጌ ደስ ይበለኝ?

ሐሙስ፣ መስከረም 17

ጠዋት ሥጋው መጣ። እማ ክትፎውን ራሷ ከተፈች፣ እኔ ቅቤውን አቀለጥኩ። ጎን ለጎን። የቆሼውን ሚጥሚጣ ወደ ቅመም ጣሳው ገልብጣ ፌስታሉን አራገፈች፣ አንዲት ቅንጣት እንዳትቀር።

ቆጮው ላይ ክትፎ አደረገች፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰች፣ ብዙ፣ ከልኩ በላይ። ወደ አፌ አመጣችው።

«ጉሮሮሽ ይዘጋ እንደሆነ እንይ» አለች።

ዋጥኩት። እንባዬ ወረደ። «ሚጥሚጣው ነው» አልኩ። «እንዴታ» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ወጣች።

አንድ ብቻ ነው ያጎረሰችኝ። አንድ። አንድ ብቻ ማጉረስ ሰው ሳያስበው የሚያደርገው ነገር አይደለም፣ እሷ ደግሞ የምታደርገውን የምታውቅ ሰው ናት። ጎረቤት መጣ፣ በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። እኔ ሳህን እያጠብኩ አንዱን ጉርሻ ስቆጥር ዋልኩ። የዳዊትን ፎቶ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ እጄ ሳሙና እንደያዘ ከኋላዬ መጣች። ስዞር እጇ ተዘርግቷል።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «በይ ክፈቺ፣ ክንዴ ደከመ።»