አራተኛው አልጋ

ይድረስ ለወንድምዓለም፤ እንደምን ከርመሃል? እኔና እማዬ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። መርከብህ መቼ እንደምትደርስ ወኪሉም ስላላወቀ፣ ይህን እሱ ጋ ትቼልሃለሁ።

የአባባን ጀልባ እያሳደስኩ ነው። ሁለት መርከበኞች ቀጥሬያለሁ፤ አንደኛው ወሬው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሸራ ሲሰፋ ግን እጁን ይባርከው ያሰኛል። አናጢውንም ወደቡ ሁሉ መስክሮለት ነው ያመጣሁት። የተኚውን ቁመት በሲባጎ ሳይለካ አልጋ አይሠራም፤ እኔንም ወለሉ ላይ አጋድሞ ለካኝ።

ታዲያ ለእኔና ለሁለቱ መርከበኞች ሦስት አልጋ ባዝዘው አራት ሠርቶ ጠበቀኝ።

"ይሄ ደግሞ የማነው?" አልኩት።

"ጠዋት ጠዋት ቀድሟችሁ እየመጣ እዚህ የሚቀመጠውስ መሬት ይተኛ? እሱንም ለክቼዋለሁ። ያልገባኝ፣ ዝናብ ሳይኖር ልብሱ ሁሌ መራሱ ነው።"

ሳቅሁበት። ሲባጎውን ግን ለምኜ ወሰድኩና፣ ልትሄድ ስትል እማዬ ቁመትህን ምልክት ካደረገችበት የበር መቃን ጋር አስተያየሁት። ልክክ አለ። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በገዛ እጅህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አልጋው ላይ ደረቅ ልብስ አስቀምጬልሃለሁ።

እህትህ