ፋይልዎ ውስጥ ያለችውን አውራ ጣቴን ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ወንበርዎስ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴና ማሽን ካደነቆረው ጆሮዬ በቀር አማን ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና ጽሕፈቴ እንደ ፍየል መንገድ ወዲያ ወዲህ ቢል ይታገሡኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅም፣ ብቻዎን አንብበው እንዳይደክሙ፣ የደብዳቤውን ቅጂ በፋብሪካው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ፈረቃ የሚገባውም የሚወጣውም ያግዝዎታል።

እኔ በሽመና ክፍል ማሽን ቁጥር አሥራ ሦስት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝ። ከጎኔ አሥራ አራት ቁጥር ላይ የቆመችው ባለቤቴ ነበረች። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ጨርቁን በጣት ቢዳብሱት እንኳ ቋጠሮው አይገኝም ነበርና ሠራተኛው ለቀልድ «ቋጠሮ» ይላት ነበር። ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። አረፈች የምለው ለወጉ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰጣችሁኝ እድገት ላመስግን። ጥጥ ተሸካሚ ሆኜ ስገባ ማሽን እንድታሳየኝ የታዘዘችው እርሷ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ማሽን እንደ በሬ አይጮኽበትም፤ ጆሮህን ስጠው» እያለች አሳየችኝ። በኋላም አገባችኝ፤ ያስተማረችውን መጣል አልሆነላትም ይሆናል። በሦስተኛው ወር እኔ በወረቀት «ኦፕሬተር» ተባልኩ፤ እርሷ ግን «ረዳት» እንደተባለች ቀረች፣ ደመወዟም ከእኔ በሲሶ አንሶ። ከእኔ ወዲህ ስድስት ወንዶች አሠልጥናለች፤ ስድስቱም ኦፕሬተር ሆኑ። ራሴን አሞኝ ስወጣ ሁለቱንም ማሽን ብቻዋን ታስኬድ የነበረችው ረዳት ማንን ትረዳ እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚለው የሕጉ አንቀጽ በመስታወት ተደርጎ ከቢሮዎ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ በጣም ያምራል። ወደ ሽመና ክፍል የሚያወርደውን ደረጃ ግን ጉልበቱ እንደ እኔው አልቻለለትም መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንበሩ። ባለቤቴ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ለሥራ ክርክር ቦርዱ አቤት ባለች ጊዜ የፋብሪካው ነገረ ፈጅ አስጠራኝ። ከረባት ያሰረ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ለእኔ ወንበር ሲስብልኝ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። «ጋሼ፣ ይቺ የእርስዎን የሥራ ልምድ የምትመሰክር ወረቀት ናት፤ ላንብብልዎ?» አለኝ። እኔ እንግዲህ ማንበብ አልችልም ከማለት ሞት የሚሻለኝ ሰው ነበርኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ሰዎች ሲያነቡ እንዳየሁት ዓይኔን ከላይ እስከ ታች እያመላለስኩ፣ መሃል ላይም አንዴ ግንባሬን ቋጥሬ፣ «አንብቤዋለሁ፤ ደህና ነው» አልኩት። እጄን ማሽን መትቶኛል ብዬ ብዕሩን መለስኩና አውራ ጣቴን ቀለም አስነከርኩ። ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ መዝገብ ቤት ከተገኘ ከወረቀቱ ጋር ቢያያይዙልኝ ደስታዬ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጣቴን አይታ «እሰይ፣ እድገት ነው?» ብላ በሳሙና አጠበችልኝ። ሐምራዊ ቀለም ነበር፣ ቶሎ አይለቅም። ጥፍሬ ሥር የገባውን በመርፌ ነው ያወጣችው።

በቀጠሮው ቀን ወረቀቱ ተነበበ። ለካ አሥራ አራት ቁጥር ላይ ያለችው ሴት በእኔ ትእዛዝ የምታግዘኝ ረዳቴ እንደሆነች፣ ብቻዋን ማሽን ማስኬድም እንደማትችል እኔ ባሏ መስክሬያለሁ። ክሱ በዚያው ተዘጋ። እርሷ ዞራ አላየችኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ግን አንዲት ነገር አለችኝ፦ «ለእኔ ብታመጣው አነብልህ ነበር እኮ።» ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ደግማ አላነሣችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ በእኔ ቤት መርሳት ያቃተው የወጋው ነው።

ሦስተኛ፣ ለቀብሯ ስለ ላካችሁት የአበባ ጉንጉን። ሪባኑ «ለትጉዋ ረዳታችን» ይል ነበር፤ ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ሪባኑን ፈትቼ ወሰድኩትና ፊደል የቆጠርኩት በእርሱ ሆነ። ሌላው ሰው ከ«ሀ» ይጀምራል፤ እኔ ከ«ረ» ጀመርኩ። በሕይወቴ መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት ቃል «ረዳት» የሚለው ነው። ለትምህርቱ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን በየቀኑ በአሥር ሰዓት የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ደጄ ላይ ቆማ የጥጥ ብናኝ ከትከሻዋ ስታራግፍ እሰማታለሁ። ቀና ብዬ አላይም። ጣቴን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ። ቀለሙ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ዳቦ ስቆርስ ዳቦው ላይ፣ ትራስ ሳነሣ ትራሱ ላይ ምልክቱን እፈልጋለሁ።

አራተኛውና ዋናው። አሥራ አራት ቁጥር ላይ ዛሬ የቆመችው ልጄ ናት። እርሷም «ረዳት» ናት። እርሷም ከስሳለች፤ ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው። ፋብሪካዎም የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመቱን ወረቀት ከመልሱ ጋር አያይዞ፣ አሥራ አራት ቁጥር የረዳት ቦታ መሆኑን አንጋፋው ኦፕሬተር ራሱ መስክሯል ይላል። የመዝገብ ቤትዎን ትጋት ሳላደንቅ አላልፍም፤ የሚያፈሰውን የሽመና ክፍል ጣሪያ ይህን ሁሉ ዘመን ያልደፈኑ ሰዎች የእኔን ጣት አንዲት ጠብታ ሳትነካት አኑረዋታል።

ልጄ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «አባዬ፣ ይሄ ጣት ያንተ ነው?» አለችኝ። ላንብብልህ አላለችም። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ ራሴ አነበብኩት። መጨረሻው መስመር ላይ የእናቷ ስም ነበር፤ ከስሟ ቀጥሎ ያቺ የማውቃት ቃል። ቀና ስል ልጄ ወጥታለች። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳዬን ከድናልኝ ትሄዳለች እንጂ አታናግረኝም።

ስለዚህ ጌታዬ፣ በሰው ሁሉ ፊት የምለው ይህ ነው፦ ያን ወረቀት አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ነበር። ይህቺን አጭር ነገር ለመጻፍ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባለቤቴ የማንም ረዳት አልነበረችም፤ ረዳት የነበርኩት እኔ ነኝ። ጣቴን ይመልሱልኝ። ሐሙስ ቦርዱ ፊት ይህንኑ በአፌ እናገራለሁና ነገረ ፈጅዎ ወንበር እንዳይስቡልኝ አደራ፤ መቆም እችላለሁ።

በጡረታዬ ቀን ለሰጣችሁኝ ጃንጥላ ሳይቀር ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ ልክ እጅ እነሣለሁ።

የማሽን ቁጥር አሥራ አራት ኦፕሬተር ባል፣
የማሽን ቁጥር አሥራ አራት ኦፕሬተር አባት፣
በገዛ እጁ በብዕር የፈረመ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣ ብዬ ስመለስ ሁለት ፊደል በእርሳስ ታርሞ አገኘሁት። ማን እንዳረመው አልጠየቅሁም። የምሳው ሰሃን ግን ሁለት ነበር።

ሌላም ልንገርዎ። ባለቤቴ የሠራችው ጨርቅ ለአንሶላ ይወጣ ነበርና እርስዎም ቤት ሳይኖር አይቀርም። ጋደም ባሉበት በእጅዎ ይዳብሱት። ቋጠሮውን አያገኙትም። አለ ግን።