ባልሽ ያሰረው ቀበቶ

ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባልሽም ደህና ነው፤ ቀልዱም እንዳለ ነው።

ሰኞ በምንገነባው ሕንፃ ስለ ሥራ ደህንነት ሥልጠና ተሰጠን። እኔም ኃላፊያቸው ብሆንም ከሠራተኞቹ ጋር ተቀመጥኩ። አሠልጣኟ አንድ ሰው የሚያህል የአሸዋ ጆንያ አምጥታ፣ "ከፍታ ላይ ራሳችሁን እንደምታስሩት እሰሩት" አለች። ባልሽ ቀድሞ ተነሣና በደህንነት ቀበቶው አሰረው። ጆንያው ከሦስተኛ ፎቅ ሲለቀቅ ቀበቶው ተፈታ፤ ጆንያውም መሬት ላይ ወድቆ ፈነዳ። ሁላችንም የፈሰሰው አሸዋ ላይ አፈጠጥን። እሱ ግን "አሸዋ እኮ ነው፤ ምን ታፈጣላችሁ?" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ሙቀቱ ይሆናል። በማግስቱ ምድር ላይ ብረት እንዲቆርጥ መደብኩት። "የሚስቴ ወንድም ስለሆንክ አታሳንሰኝ!" ብሎ ተቆጣኝ። አለቃዬም ይህን ሰምቶ፣ "ደፋር ሰው ምድር ላይ አይባክንም" አለና ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ዘጠነኛ ፎቅ እንዲወጣ አዘዘ። ብለምነውም አልሰማኝ።

እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። "የጓሮው ግድግዳ ዘምሟል፣ ዛሬ ነገ ሳትል ናና አቅናልኝ" ብለሽ ጻፊለት። ባይዘምም ጻፊለት። እኔን እንቢ ቢለኝም አንቺን እንቢ ብሎ አያውቅም።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ይህን ደብዳቤ የሰጠሽ የጭነት መኪና ሾፌር ዓርብ ወደዚህ ይመለሳል፤ ባዶ እጁን እንዳይመጣ አደራሽን፣ እትዬ፣ አደራሽን።

ታናሽ ወንድምሽ