ለአንድ ሼድ አራት ሰብሳቢ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ሂንድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከረምሽ? ባልሽ ጅብሪልስ ደኅና ነው? ኢሕሳንዬ ጥርስ አበቀለች ወይስ ገና እንደ እኔ በድዷ ነው የምትስቀው? የዶሃ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትሽ ባህሪያም ጉልበቷ ተሽሏት፣ እኔን ለመቆጣት እንደ ልቧ ትመላለሳለች።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ገና መግቢያው ላይ ስትስቂ ካርዱ አለቀ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ አሁን በራስሽ ጊዜ ሳቂ።

የበርጩማ ሠሪዎች ማኅበራችንን ሼድ ታውቂዋለሽ። ጣሪያው ወንፊት ሆኖ፣ ለማድረቅ የደረደርነው የዋንዛ ግንድ በዘነበ ቁጥር እየራሰ ይበላሽብን ነበር። ታላቃችን ኦቦ ኩመራ ጥሩ ጥሩውን ግንድ እየመረጡ መኝታ ቤታቸው ማስገባት ጀመሩ። ባለቤታቸው አዴ ሀዋ በመጨረሻ፣ «ወይ እንጨቱ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ» አሉ። ኦቦ ኩመራ መልስ ለመስጠት ትንሽ ማሰባቸው ነገሩን አባባሰው።

ለማኅበራት የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ እንጠይቅ ብለን ስንሄድ፣ ማመልከቻ በወረቀት ቀርቷል፣ ከእንግዲህ በኢንተርኔት ብቻ ነው ተባልን። አዲሱን ሲስተም ያስተዋወቀን ለሚ የሚባል ትሁት ሠራተኛ ነው። «በየስልካችሁ ከፍታችሁ ተለማመዱ፤ የሚልከው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው» አለን። አንቺን ስጠይቅሽ ደግሞ፣ «አጎቴ አይፍሩ፣ ይጫኑት፣ አይሰበርም» አልሽኝ። እኔም ቃልሽን ሳልቀንስ ለሁሉም አደረስኩ።

ሲስተሙ ከሁሉ በፊት የማኅበሩን ሰብሳቢ ስም ይጠይቃል። የቀድሞው ሰብሳቢያችን ወደ አጋሮ ከሄደ ወዲህ፣ «ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ይሁኑ» ስንባባል ቦታው ባዶ ቀርቶ ነበር። እኔ ታላቃችን ናቸው ብዬ ኦቦ ኩመራን ጻፍኩ። ኦቦ ኩመራ፣ «መካ ደርሶ የመጣ ሰው እያለ» ብለው ሐጂ ቲጃኒን ጻፉ። ሐጂ ቲጃኒ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ አብሮን የኖረ ሰው ይከበር ብሎ ጎሳዬን ጻፈ። ጎሳዬ እኔን ጻፈኝ፤ ለምን ሲባል፣ «ሌላ ሰው አልቀረማ» አለ። ከዚያ ሁላችንም መላኪያውን ተጫንን፤ አይሰበርም ብለሻል።

ሲስተሙ ለአንድ ማኅበር አራት ሰብሳቢ ሲያይ ቆለፈው። በሥልጣን የተጣላ ማኅበር የእርቅ ቃለ ጉባኤ ካላመጣ አይከፈትለትም አሉን ከቢሮው። ለሚ ደውሎ፣ «አባቶቼ፣ በዚህ ዕድሜያችሁ?» ሲለኝ ድምፁ ያሳዝን ነበር።

የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ ነው፤ ዝናቡ እየመጣ ነው፤ አዴ ሀዋ ሻንጣቸውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርደዋል። ስለዚህ የሰፈር ሽማግሌ ጠርተን ሳንጣላ ልንታረቅ ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ፣ «ማን ማንን በደለ?» ሲሉ አንድም በዳይ አልተገኘም። ሽማግሌ ደግሞ በባዶ አይመለስም። ጎሳዬ አዘነላቸውና፣ «ፋሂም መሮዬን ወስዶ አልመለሰም» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥሩ መሮ ነበር። መለስኩለት፣ ዱዓ ተደረገ፣ ኦቦ ኩመራም በሽማግሌ ትእዛዝ ሰብሳቢ ሆኑ። ቃለ ጉባኤው ሲገባ ሲስተሙ ተከፈተ፤ ድጋፉም ተፈቀደ።

ባለፈው ሳምንት አዲሱ ቆርቆሮ ተመታ። መኝታ ቤት የቀረውን ትልቁን ግንድ አራታችን ተሸክመን ሼዱ በር ላይ ስንደርስ፣ ዝናቡ ወረደ። «ማሎ፣ ሰብሳቢያችን ይቅደሙ» አልኩ። «ሐጂ እያለ?» አሉ ኦቦ ኩመራ። ሐጂ ጎሳዬን አለ፣ ጎሳዬ እኔን። አዲሱ ጣሪያ ባዶውን ወለል ከዝናብ ይጠብቃል፤ እኛ ደጅ ቆመን እንበሰብሳለን። አዴ ሀዋ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፣ አንድ በአንድ አዩን፣ «እንጨቱ ይቅደም» ብለው ግንዱን ከኋላ ገፉት። ሁላችንም ተከትለነው ገባን።

ጅብሪልን ሰላም በይልኝ፤ ኢሕሳንዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እናትሽ ትመርቅሻለች፤ ወፍራም ልብስ ልበሺ ትላለች፣ ዶሃ እንደ ደዶ ደጋ ሳይመስላት አልቀረም። ከማኅበሩ የማን ሰላምታ ይቅደም ብዬ ብጠይቅ ዛሬም አልተስማሙም፤ ስለዚህ ከአዴ ሀዋ ጀምሬ ሁሉም ሰላም ብለውሻል።

አጎትሽ ፋሂም
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.