ያልተነካው አጥንት

ወልቂጤ፣ መስከረም 19

ቡቺ ዛሬም እህል አልቀመሰም። አፉ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል። ውሃ ሳቀርብለት አፉን ይነክራል እንጂ አይወርድለትም። ጩኸቱ እንኳ የኛ ውሻ ጩኸት አይመስልም።

ባለቤቴ ተክሌ ትናንት አይቶት ሳቀ። "የመስቀል ነገር ነዋ! አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" አለና እጁን እስከ ጉሮሮው ሰደደ። ምንም አላገኘም። "ተይው ባክሽ፣ ወርዶለት ይሆናል" ብሎኝ ዛሬ ማልዶ ወንድሙ ጋ ጉንችሬ ሄደ። እኔም አምኜው ነበር።

ማምሻውን ጓሮ ልጠርግ ወጣሁ። ከበዓሉ ጀምሮ ለቡቺ የወረወርንለት አጥንት ሁሉ እንሰቱ ሥር እንዳለ ነው። አንዱንም አልነካውም። ታዲያ ምን ይሰነቀርበታል?

ባለፈው ወር ከማናውቀው ውሻ ጋር ተናክሶ መግባቱ ያኔ ትዝ አለኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ይሆን? ለመጻፍም ፈራሁ። እንጨት ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁበት።

ተክሌ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የበዓሉን ክትፎ ሲከትፍ አውራ ጣቱን ቆርጦት ነበር። ፕላስተሩን የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። ትናንት እጁን ከቡቺ አፍ ሲያወጣ ፕላስተሩ ጣቱ ላይ አልነበረም፤ ቁስሉ በለሃጭ ርሶ ነበር።