ከሰላይ ቤት የተለቀሰ ለቅሶ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

በካሳሁን ቀንቼ አንጀቴ አሯል። ከአሥር ዓመት በፊት ባበቃው ጦርነት ሰላይ ተብለው ተይዘው የቀሩ ሰዎችን ቤተሰቦች አብረን እናጠናለን። እሱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋን የምችለው፣ ከእማማ ትርንጎ ጋር አጥር ተጋርቼ ያደግሁት እኔ ነኝ። ከፋሲካ ጀምሮ ብመላለስም ሰላይ ተብለው ስለቀሩት ባላቸው ትንፍሽ አላሉኝም።

ዛሬ ካሳሁን ገና በራቸው ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ «አባቴን! አባቴን!» እያለ ለባላቸው አለቀሰ። እዚህ አገር ሰላይ ለተባለ ሰው ለቅሶ አይደረስም፤ እኔም ደርሼ አላውቅም። ይህን እንኳ አያውቅም ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት። እሳቸው ግን አቅፈውት አለቀሱ፤ እስኪመሽም አወሩለት።

ስንወጣ እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» አሉት።

እኔንም ተሰናበቱኝ። «እኛማ ጎረቤት ነን» አሉኝ።