ያልተለካው ጅማት፦ የዶክተር ኮቢና አሳም የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ኮቢና አሳም ከአባታቸው ከታንኳ ጠራቢው ከአቶ ክዌኩ አሳም እና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ከወይዘሮ ማንሳ እ.ኤ.አ. በ1970 በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኤልሚና ተወለዱ። እናታቸው ገበያ ሲወጡ ታናሽ ወንድማቸውን ፊፊን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። ኳስ ሜዳ እንኳ አዝለውት ይሄዱ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም።

ትምህርታቸውን በኤልሚናና በኬፕ ኮስት ተከታትለው፣ አክራ ላይ ሕክምና አጥንተው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆኑ። በ1999 ወይዘሮ አራባን አግብተው ኤፉዋንና ኤኩዋን ወልደዋል።

ስማቸውን ያስጠራው የጉልበት ሕክምና ነው። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት የሚተካው ከታካሚው ከራሱ ጭን ጀርባ በሚወሰድ ጅማት ነው፤ ያ ጅማት ቀጭን ከሆነ እንደገና ይበጠሳል። ስለዚህ ዶክተር ኮቢና የታካሚያቸውን የጅማት ውፍረት ቀዶ ሕክምናው ሳይቀጠር በኤምአርአይ ምስል ላይ ይለኩ ነበር። ስምንት ሚሊ ሜትር እንደማይሞላ ከገመቱ ከጉልበት ፊት ለፊት ወይም ከሌላው እግር ለመውሰድ አስቀድመው ያቅዳሉ፤ ታካሚውንም ያስፈቅዳሉ። ለባዳ ሁሉ እንዲህ ነበሩ።

በ2007 ግን ታካሚው ፊፊ ሆነ። ለብሔራዊ ቡድን በተጠራ በሳምንቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ነርሷ «ዶክተር፣ ምስሉን አላየንም እኮ» ብትላቸው ምን አሉ? «ኧረ ተይኝ እህቴ! በጀርባዬ ያዘልኩትን ልጅ ደግሞ ልለካው? ጭኑን አታዪውም እንዴ፣ ግንድ እኮ ነው!» ፊፊም ሳቀ። ወንድሙን አመነ።

ጭኑ ሲከፈት ጅማቱ ክር ሆኖ ተገኘ። ከጉልበቱ ፊት ለመውሰድ አልታቀደም፣ ሌላው እግር አልተዘጋጀም፣ ለሁለቱም ፈቃድ አልተጠየቀም፤ በዚያው በቀጭኑ ሰፉት። በዓመቱ ሜዳ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ለኳስ ዘሎ ሲያርፍ ተበጠሰ። ኳስ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ኮቢና ዝነኛ መምህር ሆኑ። በየዓመቱ ለተማሪዎቻቸው ስለ «አንድ ታካሚ» ይናገሩ ነበር፦ «አንድ ታካሚ ሳይለካ ገባ። አደራችሁን፣ ለኩ!» ተጨበጨበላቸው፤ ተሸለሙም። ኤልሚና መጥተው በፊፊ በር ሲያልፉ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆም ብለው «አጥፍቻለሁ» አላሉትም። ፊፊ ይህችን ቃል ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ።

የኩላሊት ሕመማቸው ሲጸና ፊፊ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ። አንድ ከሰዓት እጁን ይዘው «ጉልበትህ እንዴት ነው?» አሉት። «ደህና ነው፣ ወንድም ጋሼ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

የተወደዳችሁ ተማሪዎቻቸው፣ ያ «አንድ ታካሚ» ስም አለው። ፊፊ አሳም ይባላል፤ ይህን ጽፎ የሚያነብላችሁ እሱ ነው። አሁን ካህኑ «ተንበርከኩ» ሲሉን እሱ ቆሞ ይቀራል፤ እንደ ድፍረት አትቁጠሩበት። እግዚአብሔር ጥፋታቸውን ሳይለካ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል።